እናቴ ያልወደቀችበት ፊልም

እናቴ በሕይወቷ ሁለት ፊልም ሠርታለች። በመጀመሪያው ሞተች፤ በሁለተኛው አልሞትም አለች። ዛሬ ሰው የሚያውቃት በሁለተኛው ነው፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ የማወራው ስለ እሱ ነው። ፊልሙ ግን መጥፎ ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ከአፍ ቀድሞ ይደርሳል፣ ገዳዩ በመስታወት ፊት ሲያልፍ ካሜራ የተሸከመው አጎቴም አብሮት ያልፋል። እንዲህ ባለ ፊልም ሰው እንዴት እንደሚኮራ ለማስረዳት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የመሰለኝን ነው ማስቀደም ያለብኝ። የመሰለኝና የሆነው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ሠርግ መቅረጽ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ሙሽሪት፣ ትንሽ ፈገግ! ሙሽራው፣ ቀና በል!» ሲል ይውልና ቤቱ ሲገባ የሚያልመው ስለ ደም ነበር። አስፈሪ ፊልም ነፍሱ ነው።

«አንድ ቀን ሰውን በፍርሃት አስለቅሳለሁ» ይላል።

«የቀረጽካቸውን ሙሽሮች ጠይቃቸው፤ ድሮም እያስለቀስካቸው ነው» ትለዋለች እናቴ።

የመጀመሪያ ፊልሙ «የከረጢቱ ሰው» ይባላል። ራሱ ላይ የዱቄት ከረጢት ያጠለቀ ረጅም ሰው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሰው በቢላዋ ይወጋል። ለምን እንደሚወጋ አይነገርም። ቢላዋው በብር ወረቀት የተጠቀለለ የእንጨት ማስመሪያ ነበር። ደሙ ደግሞ በውኃ የቀጠነ የቲማቲም ድልህ፤ አጎቴ እንዲያብረቀርቅ ብሎ ስኳር ጨምሮበታል። እናቴ ሦስተኛዋ ሟች ነበረች። ተወጋች፣ ሰፈሩን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸች፣ ወደቀች፣ ሞተች። ስኳሩ ግን ዝንብ ጠራ። ሬሳ ሆና ተጋድማ ሳለ አንዲት ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አረፈችባት። እናቴ እጇን አንስታ «እሽ!» አለችና ተመልሳ ሞተች።

አጎቴ ይህን ያየው ፊልሙ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሲታይ ነው። ሰው በሳቅ ወንበር ሲደበድብ ማለት ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ «አክተር» የሚባለው የፊልም ተዋናይ ሁሉ አይደለም፤ ዋናው ሰው፣ ጀግናው ብቻ ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም።

«እናትህ አክተር አይደለችም» አለኝ ከፊቴ የሚቀመጠው ልጅ።

«ናት!»

«ታዲያ አክተር ይሞታል እንዴ?»

«መሞቱንስ መች አወቀችበት?» አለ ሌላው። «ሞታም ዝንብ ታባርራለች!»

 ሞታለች፤ ዝንቧንም አባርራለች። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ በአንድ ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አባቴ እኔ ገና ዳዴ ስል የሄደ ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ከእጇ የማይለቅ የበረኪና ሽታ ይዛ ትመጣለች፤ ያንን ሽታ እስከ ዛሬ የትም ብሸተው ራት የደረሰ ይመስለኛል። ምኞቷ ነርስ መሆን ነበር። ለነርስ ማሠልጠኛው መግቢያ የመጀመሪያውን ፊልም በሠራችበት ዓመት ተፈትና ወድቃለች። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ሁሉም «ሲስተር» ብቻ እያለ የሚጠራት ቆፍጣና ሴት፣ «ድልህ ውስጥ ተንጋለሽ እየዋልሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላታለች አሉ። ማሠልጠኛው ደግሞ ሁለቴ የወደቀን ሰው ለሦስተኛ ጊዜ አይፈትንም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት እግሬን ለፋሻ መለማመጃ ሰጥቼ ስቀመጥ ነው። እናቴ ጉልበቴን እየጠቀለለች፣ ክንዴን ይዛ የደም ሥሬን ትርታ እየቆጠረች፣ ለራሷ ታወራለች። «ዘንድሮ ከወደቅሁ አበቃልኝ።» እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ መውደቅ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ከዛፍ መውደቅም መውደቅ ነው፤ ግን ቁስሉ በሳምንት ይድናል። የፈተናው መውደቅ ግን ታናናሾችህ መሀል ያስቀምጥሃል። ለእኔ ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም።

አንድ ቀን እግሬ እስከ ጉልበቴ እንደተጠቀለለ አጎቴ እየተጣደፈ ገባ።

«እታለም፣ ክፍል ሁለትን ልሠራ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ሰው እየጠየቀኝ ነው አለኝ።»

«ይቅናህ።»

«አንቺም አለሽበት።»

«እኔማ ሞቻለሁ።»

«አስቤበታለሁ። የሟቿ መንታ እህት ነሽ።»

«በመጀመሪያው መንታ እንዳላት መች ተባለ?»

«መች ተጠየቀ?»

እናቴ ፋሻውን ቋጥራ ቀና አለች። «ፈተና አለብኝ። ሦስት ሳምንት ናት የቀረችኝ። ሌላ ሴት ፈልግ።»

«ሰው የሚፈልገው ያንቺን ጩኸት ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ስጪኝ። ቅዳሜ ጠዋት አናጺው ቤት ትመጫለሽ፣ ትጮኻለሽ፣ ትወድቂያለሽ፣ አለቀ!»

«እንዲያው መውደቄ የማይቀር ነው?»

«አንቺ ካልወደቅሽ ፊልሙ በምን ያልቃል?»

እናቴ ተነፈሰች። «ምን ላድርግህ፤ ወንድም አይደለህ!» አለች።

 የገዛ አጎቴ እናቴን ውደቂ አላት፤ እሷም እሺ አለች! ያኔ ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጌ ቋጠርኳቸው። ሦስት ሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ቅዳሜን ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ፈተናው ቅዳሜ ነው፣ ቦታው አናጺው ቤት ነው፣ ፈታኙም እናቴን ለመጣል ከአጎቴ ጋር ተማክሯል። ፈታኙ ማን እንደሆነ ብቻ ነበር የቀረኝ።

እሱንም ሐሙስ ዕለት ፀጉር ቤት አገኘሁት። የመጀመሪያው ፊልም ገዳይ፣ ያ ረጅሙ ሰው፣ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። አጎቴ በእሱ ፈንታ የሰፈራችንን ፀጉር አስተካካይ መርጧል። ይህ ሰው አጭር ነው፣ ድብልብል ነው፣ የመቁረጫ መኪናው የልጅ ፀጉር ቆንጠጥ ካደረገ ይቅርታ ጠይቆ አንገትህ ላይ እፍ የሚል ሰው ነው። ከረጢት ካጠለቀ ማን ያውቀዋል ብሎ ነው አጎቴ። ቁመት በከረጢት እንደማይሸፈን አላሰበበትም።

ግራ ጎኔን ቆርጦ እንደጨረሰ በመስታወቱ እያየኝ «ቅዳሜ እኮ ከእናትህ ጋር ነኝ» አለኝ፤ በኩራት።

«እማዬን የምትጥላት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል? ገና ስትገባ ነው የምጥላት።»

«ለምን?»

«ጽሑፉ እንደሱ ይላላ።»

ጽሑፉ! የጽሑፍ ፈተና እንዳለ እናቴም ተናግራለች። «ብትወድቅ ሌላ ቀን አትደግምም?» አልኩት።

«የለም፣ መድገም የሚባል የለም። አጎትህ ያለው አንድ ካሴት ነው። አንድ ዕድል ብቻ።»

ከወንበሩ ዘልዬ ወጣሁ። ግራው ተቆርጦ፣ ቀኙ እንዳለ። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን ይዞ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተለኝ። «ምን አደረግኩህ፣ አንተ ልጅ? ቆነጠጥኩህ እንዴ?» እናቴ ቀኙን ቤት ውስጥ በመቀስ አስተካከለችው፤ ማለትም አበላሸችው። ለምን እንደሸሸሁ ብትጠይቀኝም አልተናገርኩም። የተማከሩባት እሷም እያወቀች ነውና ለማን እናገራለሁ?

ቅዳሜ ደረሰ። የአናጺው ቤት ኮላና ሰጋቱራ ይሸታል። ጣውላ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ውስጥ የእንጨት ብናኝ ይንሳፈፋል። እኔ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ሰጋቱራ ላይ ተቀመጥኩ። «ድምፅህን እንዳልሰማ» አለችኝ እናቴ።

አጎቴ ካሴቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳየ። ባለቤቶቹ ሳይወስዱት የቀረ የሠርግ ካሴት ነው፤ በላዩ ላይ ነው የሚቀርጸው።

«መድገም የለም። በበሩ ትገቢያለሽ፣ እህትሽን ትጣሪያለሽ። አንተ ከጣውላው ኋላ ትወጣለህ፣ ትወጋታለህ። ትጮኻለሽ፣ ትወድቂያለሽ። ስትወድቂ ፊትሽ ወደ እኔ ይሁን።»

«ዝንብ ብትመጣስ?» አለች እናቴ።

«ዝንብ ብትመጣም ባትመጣም ሞተሻል!»

ፀጉር አስተካካዩ ከከረጢቱ ውስጥ «በአንድ ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለ።

«አንድ ዓይን ለገዳይ ይበቃዋል።»

ከረጢቱ አዲስ ነበር። ግንባሩ ላይ በትልልቁ «ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚል ጽሑፍ አለበት። አጎቴ ገልብጦ ሊያለብሰው ይችል ነበር፤ ይህን ያስተዋለ ግን አልነበረም።

ተጀመረ። እናቴ ገባች። «እህቴ! እህቴ፣ የት ነሽ?» ብላ ተጣራች። በመጀመሪያው ፊልም የሞተችን ሰው ለምን እንደምትጣራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከጣውላው ኋላ ድብልብሉ ገዳይ ወጣ፣ ማስመሪያውን አነሳ፣ ሆዷ ላይ አሳረፈ። እናቴ ጮኸች። በፊልሙ ውስጥ ያለ እንከን የተሠራ ነገር ቢኖር ያ ጩኸት ነው፤ ውጭ የነበረ ውሻ እንኳ አምኖ ጮኸ፤ ካሴቱ ላይ ይሰማል። ከዚያ ሆዷን ይዛ ጉልበቷን ማጠፍ ጀመረች።

«ውደቂ…» አለ አጎቴ ከካሜራው ኋላ በሹክሹክታ። «ውደቂ፣ ውደቂ…»

ልትወድቅ ነው። ሁለተኛና የመጨረሻዋ። ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አልኩና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፦

«እማዬ እንዳትወድቂ!»

እናቴ ባለችበት ቀረች። አንድ ጉልበቷ እንደታጠፈ ወደ እኔ ዞረች። ያ ፊት ፊልሙ ላይ አለ፤ ባሻኝ ጊዜ ላስቆመው እችላለሁ፣ ብዙ ጊዜም አስቁሜዋለሁ። መጀመሪያ ቁጣ ነው፣ ቀጥሎ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር የገባት ሰው ፊት። ቀስ ብላ ጉልበቷን ዘረጋች። ቀጥ ብላ ቆመች።

ፀጉር አስተካካዩ በአንድ ዓይኑ የሆነውን አላየም፤ አንዴ መውጋቱ ያልበቃ መስሎት ደገማት። አልወደቀችም። ሠለሰ። አልወደቀችም። «ውደቂ እንጂ!» አለ አጎቴ፤ አሁን ሹክሹክታው ቀርቷል። «እንዳትወድቂ!» እላለሁ እኔ። አሥራ አንድ ጊዜ ወጋት። ማስመሪያው ጎበጠ፣ የብር ወረቀቱ ተላጠ፣ ከሥሩ ሴንቲሜትሮቹ ታዩ። በስምንተኛው ላይ ከከረጢቱ ውስጥ «እትዬ፣ ኧረ ደከመኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአሥራ አንደኛው ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ድልህ ረግጦ ተንሸራተተና ገዳዩ ራሱ በጀርባው ሰጋቱራው ላይ ተዘረረ።

እናቴ ጎንበስ አለች። የገዳዩን ክንድ አነሳች፣ ጣቶቿን አንጓው ላይ አሳረፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትርታውን መቁጠር ጀመረች። «ደህና ነህ?» አለችው። በዚህ መሀል ካሴቱ አለቀ፤ ማለትም የአጎቴ ቀረጻ አለቀና ከሥሩ የነበረው ሠርግ ብቅ አለ፤ አንዲት ሙሽሪትና ሙሽራዋ ኬክ ይቆርሳሉ። «የከረጢቱ ሰው ክፍል ሁለት» የሚያልቀው እንዲህ ነው።

አጎቴ ካሜራውን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ገደልሽኝ እታለም» አለ።

«ልጁ አትውደቂ እያለ እንዴት ይወደቃል?» አለችው።

«ልጁን ማን ሰማው!»

«እኔ ሰማሁት።»

ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ቤታችን አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያገኘን እኔን ራሴን ያሻሸኛል፤ ለእሷ «ደህና ዋልሽ» ብቻ። እኔ ግን አልከፋኝም፤ በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ልጅ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ክፍል እንደገባሁ አወጅኩ። «እናቴ አለፈች! ነርስ ልትሆን ነው!» ከፊቴ የሚቀመጠው ልጅ እንኳ ዞሮ አየኝ። ወሬው ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ክሊኒክ ወረፋ ሄደ። ማክሰኞ ዕለት ሲስተር እናቴን ከነመወልወያዋ አስቁማ «ያልተፈተንሽውን ፈተና አለፍሽ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት፤ በታካሚ ሁሉ ፊት።

ይህን የነገረችኝ እኔ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ዕለት ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ እንዳየችኝ ብቻ ነበር የማስታውሰው። ሊቆጡኝ የሚችሉባቸውን ጥፋቶች ሁሉ በሐሳቤ ፈተሽኩ። እሷ ግን እጇን ታጠበች፣ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ከፈተች።

«እንግዲህ አንዴ ካለፍኩ ምን ይደረጋል» አለች። «ላጥና እንጂ።»

አለፍኩ ብላ ለምን እንደምታጠና አልገባኝም፤ ጎበዝ ተማሪ እንደሱ ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያ ሰሞን ያልተጠቀለለ የአካል ክፍል አልነበረኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት የታጠበ ልብሷን ለብሳ፣ ሁለት እርሳስ ቀርጻ ወጣች። ክሊኒኩ እርሳስ የጎደለው መስሎኝ ነበር።

ፊልሙ ከተቀረጸ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ታየ። አጎቴ ላለማሳየት ለምኖ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ማስታወቂያውን በር ላይ ለጥፏል። ሰው ተጨናነቀ። እኔና እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ይዛለች። አጎቴ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ለመሸሽ እንዲመቸው።

ገዳዩ እንደወጣ አንዱ ከኋላ «ኧረ ይሄ ሰውዬ አጠረ!» አለ። ሌላው የግንባሩን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ፤ አጎቴ ወጣ። ከዚያ የእናቴ ትዕይንት መጣ። የእኔ ድምፅ ከስክሪኑ ሲወጣ ክው አልኩ። ሰው መቁጠር ጀመረ። «ሦስት! አራት! አምስት!» ቤቱ በሙሉ። ሴንቲሜትሮቹ ሲታዩ አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ ተንበረከከች። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ጉንጯ በእንባ ርሷል።

አሾፉባት። ያኔ የመሰለኝ ይህ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ «አትሳቁ! አትሳቁ!» አልኩ፤ ድምፄ ከስክሪኑ ድምፅ ጋር አንድ መሆኑን ያወቁት ሰዎች የባሰ ሳቁ። ግን ገዳዩ ሲዘረር አንድ ጎረምሳ ተነስቶ «አክተር አይሞትም!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱም ተቀበለው። «አክተር አይሞትም! አክተር አይሞትም!» ከፊቴ የሚቀመጠው ልጅ፣ እሱም እዚያ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር። ኬኩ ብቅ ሲል ያለውን ግርግር ልናገረው አልችልም። «ይደገም!» ተባለ። ባለቤቱ መጨረሻዋን ሦስት ጊዜ እያጠነጠነ መለሳት።

አምና የኮሌጅ ተማሪዎች ይህንኑ ፊልም በአንድ አዳራሽ አሳይተው ነበር። ከኋላ ተቀመጥኩ። ጉልበቷ መታጠፍ ሲጀምር ሁለት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ «እማዬ እንዳትወድቂ!» አለ፤ የእኔን ቃል፣ በእኔው ዜማ። ከዚያ በኋላ ሁለት ተማሪዎች የገዳዩን ትርታ መቁጠሯ የምሕረት ምልክት ነው፣ አይደለም እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። ምልክት አይደለም፤ ወገቡ የተጎዳ መስሏት ነው። ግን አላቋረጥኳቸውም። ጥሩ ፊልም የሠሩትን ሰዎች ይደብቃቸዋል፤ ገዳዩን ታያለህ እንጂ ፀጉር አስተካካዩን አታይም። መጥፎ ፊልም ግን ሁሉንም ያሳይሃል፤ የካሜራ ባለሙያውን ጥላ፣ የማስመሪያውን ቁጥር፣ የደከመውን ሰው ትንፋሽ። ሰዎች አቅማቸው ያልፈቀደውን ነገር ከልባቸው ሲሞክሩ ታያለህ። በዚህ የሚስቅ ሰው ጠላት አይደለም። ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የሳቀው ሰውም ጠላት አልነበረም።

እናቴም በማሾፋቸው አልነበረም ያለቀሰችው። ቦርሳዋ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«ይደገም» ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀመር እጄን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። አጎቴ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«ግባ» አለችው። «ይደገም እያሉህ ነው።»

«እየሳቁ ነው።»

«አዎ፣ እየሳቁ ነው። በሳቅ ወንበር ላይ መቀመጥ ያልቻለ ሰው አለ። ሰውን እንዲህ ማድረግ የሚችል ስንት ሰው ታውቃለህ?»

«ላስፈራቸው ነበር እታለም።»

«እሱን ሌላ ሰው ያስፈራቸው። ሰው ለመፍራት መች ቸገረው?»

ከውስጥ «ሰባት! ስምንት!» ይሰማል፤ ከዚያ «እትዬ፣ ኧረ ደከመኝ!» ሁሉም በአንድነት። የአጎቴ አፍ ዳር ሳይወድ በግድ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ያኔ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠችው። አነበበው። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«መቼ ሰማሽ?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ከሁለት መቶ ሰው አሥራ ሰባተኛ።»

«እስካሁን ሳትነግሪኝ?»

«የዛሬው ቀን ያንተ ነበራ።»

አጎቴ ተነሳ። እህቱን አቀፋት፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅኩም። እኔ መሀላቸው ቆሜ አንዱን ቀና ብዬ አየሁ፣ ሌላዋን አየሁ። ከዚህ ሁሉ ነገር አንድም የገባኝ አልነበረም። የገባኝ አንድ ብቻ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ነገር የሚገባቸው ዘግይቶ ነው። የአጎቴን ሱሪ ጎተትኩና፣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው እስኪያዩኝ ጠብቄ፣ እውነቱን ነገርኳቸው፦

«ማለፏን እኮ እኔ ያኔውኑ ለሁሉም ሰው ተናግሬያለሁ።»